ቁጥር የሌለው በር

ካርታ የሚሠሩ ሰዎች ሊደርሱባት ጥቂት ሲቀራቸው ደክሟቸው የተመለሱባት አንዲት አገር ነበረች። ስሟ የትም ያልተጻፈው ለዚህ ነው። ንጉሥ ነበራት፤ ሸንጎ ነበራት፤ ሕዝብ የሚገባባቸውና የሚወጣባቸው ስልሳ አንድ ትልልቅ በሮችም ነበሯት።

በዚያች አገር በር አይንኳኳም ነበር። የመጣ ሰው ደጃፍ ላይ ቆሞ ይስላል። ከውስጥ የተቀመጠው በረኛ ሳሉን ሰምቶ ማን እንደሆነ ያውቃል። የሚያውቀው ሳል ከሆነ ይከፍታል፤ የማያውቀው ከሆነ ዝም ይላል። እናቶች ለልጆቻቸው ከመናገር አስቀድመው መሳል ያስተምሯቸው ነበር። ሙሽራም አማቶቹ ቤት ከመግባቱ በፊት ሦስት ቀን ውጭ ቆሞ በረኛውን ከሳሉ ጋር ያለማምደዋል።

ይህ ሥርዓት ለስንት ዘመን እንደኖረ የሚያውቅ የለም። የፈረሰው ግን በአንድ ጉንፋን ነው። ንጉሡ አደን ወጥተው ዝናብ መታቸው። ሲመለሱ ከእልፍኛቸው ደጃፍ ቆመው ሳሉ። ሳላቸው ጎርንኖ ነበር።

«አላውቅህም፤ ሂድ» አለ በረኛው ከውስጥ።

«እኔ ነኝ» አሉ ንጉሡ።

በረኛው ሥራውን የሚወድ ሰው ነበር። «እኔ ነኝ ያለ ሁሉ የሚገባ ከሆነ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ?» ብሎ መለሰ።

ንጉሡ ጉንፋኑ እስኪለቃቸው አራት ቀን ከፈረሶች ጋር ጋጥ ውስጥ አደሩ። በአምስተኛው ቀን ሸንጎ ተቀመጠ። በረኛው በታማኝነቱ ተሸለመ፤ ወዲያውም ከሥራ ተሰናበተ። ቀጥሎ «በሮቻችንን ምን እናድርጋቸው?» የሚል ጥያቄ ቀረበ።

መልስ ይዘው የተነሡት ሊቀ ገመድ ጥላዬ ነበሩ። ከተማዋን ከጣሪያ ጣሪያ የሚያቋርጥ አንድ ረጅም ገመድ ነበር። ሴቶች ልብስ ያሰጡበታል፤ የገበያው ደወል ይደወልበታል፤ ገበያተኛ ፍየሉን ያስርበታል። ሊቀ ገመዱ እስከዚያ ቀን ድረስ ሥራቸው ገመዱ ሲላላ «ላልቷል» ማለት ብቻ ነበር።

«ንጉሥ ሆይ» አሉ፣ «ሁሉም በር በዚህ ገመድ ይታሰር። አንድ ሰው አንድ ቤት ተቀምጦ የአገሩን በር ሁሉ ይከፍታል፤ ይዘጋል።»

አንድ ሽማግሌ አማካሪ፣ «በዚሁ ልብስ በምናሰጣበት?» ሲሉ ጠየቁ።

«ገመድ ገመድ ነው» አሉ ሊቀ ገመዱ።

ንጉሡ አፍንጫቸው ገና አልደረቀምና ቶሎ ፈረሙ።

እንዲህ ሆነ። በየበሩ ጥርስ ያለው የእንጨት መንኮራኩር ተገጠመ። ገመዱ አንድ ጊዜ ሲሳብ መንኮራኩሩ አንድ ጥርስ ይዞራል። የበሩ ቁጥር ሲደርስ መቀርቀሪያው ይለቃል፤ ቁጥሩ ሲያልፍ ተመልሶ ይዘጋል። የወህኒ ቤቱ ቁጥር ሦስት ነው፤ የንጉሡ እልፍኝ ዘጠኝ፤ የመታጠቢያ ቤቱ ሃያ ሁለት። መግባት የፈለገ ሰው መጀመሪያ ገመድ ቤት ይሄዳል። በመስኮቱ የተቀመጠው ጸሐፊ መዝገቡን አይቶ ገመዱን ሁልጊዜ ከአንድ ጀምሮ በቁጥሩ ልክ ይስባል። ሌላ ሰው ሌላ በር አስከፍቶ ያኛው ሳይዘጋ ከመስኮቱ እስከ በሩ ሮጦ መድረስ የባለጉዳዩ ፋንታ ነው። ሽማግሎች ሯጭ ይልኩ ነበር፤ ሯጩ ይገባና ሽማግሌው ውጭ ይቀራል።

በመጀመሪያው የገበያ ቀን አንዲት ፍየል ሣር አይታ ገመዱን ሦስት ጊዜ ሳበችው። ወህኒ ቤቱ ተከፈተ። ዳኞች ተሰብስበው መከሩና፣ በገመድ የተከፈተ በር በሕግ የተከፈተ ነው ሲሉ ወሰኑ። እስረኞቹ በነፃ ተሰናበቱ። ፍየሏም ለዚያች ቀን ዳኛ ተብላ ተመዘገበች።

እነዚያን መንኮራኩሮች የጠረባቸው ዳምጤ የሚባል ወጣት አናጢ ነበር። ለስልሳው ጥርስ አወጣላቸው። ስልሳ አንደኛውን ግን ጥርስ የሌለው አድርግ አሉት።

«ጥርስ ከሌለው ምን ይሠራል?» ብሎ ጠይቆ ነበር።

«አንተ ጥረብ» አሉት። ጠረበ።

መንኮራኩሮቹን ባስረከበ በሳምንቱ ልጁ ሞተች። እንጉዳይ ትባላለች፤ ሁለት ዓመቷ ነበር። ትኩሳት ነው። በሕፃናቱ መቃብር ቀበሯት። በማግስቱ የገመድ ቤት ሠራተኞች መጥተው የመቃብሩን በር ከገመዱ ጋር አሰሩት። ያን ጥርስ የሌለውን መንኮራኩር ገጠሙበት።

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። የሕፃናቱ መቃብር በረጅም የድንጋይ አጥር የታጠረ ነው፤ በሩ አንድ ነው። በረኛዋ እማማ ዘርፌ ይባላሉ። መንኮራኩሮቹ ገና ሳይጠረቡ፣ መዝጋቢው በሮቹን ሲመዘግብ እርሳቸው ዘንድ መጥቶ ነበር።

«እዚህ ማን ይኖራል?»

«ልጆች።»

«ስንት ሰዓት ይወጣሉ?»

«አይወጡም።»

«ስንት ሰዓት ይገባሉ?»

«አንዴ ገብተዋል።»

መዝጋቢው ብዕሩን ጆሮው ላይ ሰካ። «ነዋሪው የማይወጣና የማይገባ ከሆነ በሩ ቁጥር አያስፈልገውም» አለ። በመዝገቡ ላይ «የሕፃናት መቃብር» ብሎ ጻፈና የቁጥሩን ቦታ ባዶ ተወው። በሩን ከገመዱ ጋር ማሰር ግን አልቀረም፤ ትእዛዙ «ሁሉም በር» ይላልና።

በዚያች አገር ልጅ የሞተበት አባት በሰማንያኛው ቀን ድንጋይ ተሸክሞ በበሩ ይገባል፤ ከልጁ ራስጌም ያቆመዋል። በአጥር የገባ ድንጋይ አይቆጠርም። ቀኑ ካለፈም ድንጋይ አይቆምም። ድንጋይ የሌለው መቃብር ባዶ መሬት ነው ተብሎ ለሌላ ይሰጣል። ዳምጤ ይህን ያውቃል። ስለዚህ ገመድ ቤት ሄደ።

በመስኮቱ ጸሐፊው ምንይችል ተቀምጧል።

«ጤና ይስጥልኝ» አለ ዳምጤ።

«ዛሬ ገመድ የለም።»

ዳምጤ ቀና ብሎ አየ። «ይኸው ከራስህ በላይ። ብርድ ልብስ ተሰጥቶበታል።»

«እሱ የሚታየው ነው» አለ ምንይችል። «የሚሠራው የለም። ነገ ተመለስ።»

ነገ ተመለሰ። ገመድ የለም። ከነገ ወዲያ ተመለሰ። ገመድ አለ፤ መዝገቡን የያዘው ሰው የለም። በሌላ ቀን መዝገቡም ሰውየውም ገመዱም ነበሩ፤ ምንይችል ምሳ ወጥቷል። ዳምጤ ሲመላለስ እግሩ ቀጠነ። በአርባ አንደኛው ቀን ሁሉም ተሟልተው አገኛቸው።

«የመቃብሩ በር ቁጥር ይሰጠው» አለ።

«ቁጥር የሚጠይቀው ነዋሪው ነው። አንተ እዚያ ትኖራለህ?»

«ልጄ ናት እዚያ ያለችው።»

«ልጅህ ትምጣና ታመልክት።»

«ሁለት ዓመቷ ነው።»

«መጻፍ ካልቻለች ጣቷን ቀለም ነክራ ትፈርም።»

«ወንድሜ፣ ሞታለች እኮ ነው የምልህ።»

ምንይችል ወረቀቱን አገላበጠ። «ነዋሪው በሞት የተለየ እንደሆነ» ብሎ ማንበብ ጀመረ፣ «ይህንኑ ራሱ በአካል ቀርቦ...» ዐይኑን ከወረቀቱ ላይ አላነሣም። «እንዲህ ነው የሚለው» አለ ቀስ ብሎ።

ዳምጤ ሊቀ ገመዱ ዘንድ ሄደ። ሊቀ ገመድ ጥላዬ በአክብሮት ተቀበሉት፤ ወንበርም ሰጡት።

«ስማ» አሉ፣ «ከስልሳ አንድ በር ስልሳው ይሠራል። እንዲህ ያለ ውጤት ያላት አገር ካለች ጥራልኝ።»

«የእኔ ጉዳይ ስልሳ አንደኛው ነው፣ ጌታዬ።»

«አንተ ደግሞ ነገር ታጠባለህ» አሉት።

ከዚያ ወዲህ ልጅ የሞተባቸው ሁለት ቤተሰቦች መጥተው ነበር። ከተዘጋው በር ፊት እስከ ቀትር ቆመው፣ በመጨረሻ ከአጥሩ ሥር ውጭ ቀበሩ። እማማ ዘርፌ በርጩማቸውን ወደዚያ ጠጋ አደረጉ። አሁን ግማሽ ሥራቸው ደጅ ነበር።

በሰማንያኛው ቀን ጧት ዳምጤ ድንጋዩን በትከሻው አድርጎ ከቤት ወጣ። ሚስቱ አመለወርቅ ነጠላዋን ደርባ ተከተለችው።

«በሩ ዝግ ነው እኮ» አላት።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ የት ነው የምንሄደው?»

«ድንጋይ የተሸከምከው አንተ፤ የምትጠይቀው እኔን» አለችው።

በሩ ላይ ሲደርሱ እማማ ዘርፌ አዩአቸውና በርጩማቸውን ለአመለወርቅ ለቀቁ። ዳምጤ ድንጋዩን አላወረደም። ካወረደው የሚያበቃ መሰለው።

ያ ቀን የቤተ መንግሥቱ ምንጣፎች በዓመት አንዴ የሚታጠቡበት ቀን ነበር። አርባ ምንጣፍ ታጥቦ ውሃው እንደተንጠባጠበ በአንድ ጊዜ ገመዱ ላይ ተሰጣ። ገመዱ ከክብደቱ የተነሣ ወደ መሬት ተለጠጠ። በከተማው ሁሉ መንኮራኩሮቹ ጥርስ ሳይቆጥሩ ዞሩ፤ መቀርቀሪያዎቹም ቁጥር ያለው፣ ቁጥር የሌለው ሳይባል ለቀቁ።

ስልሳ አንዱም በር ተከፈተ። እስረኞች ምን እንደሆነ ለማየት ወጡ፤ ጠባቂዎቻቸው ምን እንደሆነ ለማየት ገቡ። ከመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ሳሙና የተቀቡ ዘጠኝ ሰዎች ከአላፊ አግዳሚው ጋር ተፋጠጡ። ንጉሡ አንድ እግራቸውን ሱሪ ውስጥ አግብተው ሌላውን ሲፈልጉ፣ አቤት ሊል የመጣ አንድ ሸንጎ ሙሉ ሰው አያቸው። ሁሉም በአንድነት እጅ ነሣ።

የመቃብሩ በር «ጓ» አለና ገርበብ አለ።

እማማ ዘርፌ ብቻ አልደነገጡም። «ግቡ፣ ግቡ» አሉ። «ይሄ የልብስ ጉዳይ ነው፤ ብዙ አይቆይም።»

ገቡ። ሣሩ እስከ ጉልበት ደርሷል። ዳምጤ ከነሸክሙ ወዲያ ወዲህ አለ፤ ቦታውን ሣሩ አሳስቶት ነበር። ያገኘችው አመለወርቅ ናት። ሣሩን በእጇ ነጨች። እርሱ ድንጋዩን አወረደ፣ አፈሩን ማሰ፣ ድንጋዩን አቆመ፣ ዙሪያውን በተረከዙ ጠቀጠቀው።

በዚህ መካከል የቤተ መንግሥቱ ሰዎች ምንጣፎቹን አነሡ። ስልሳ አንዱም በር ባንድ ጊዜ ተዘጋ።

የመቃብሩን መቀርቀሪያ ከውስጥ ሆኖ በእጅ ስቦ መውጣት ይቻላል። እዚያ ያሉት ግን ስበውት አያውቁም። ዳምጤ እጁን መቀርቀሪያው ላይ አድርጎ ቆመ።

«ከወጣን በኋላ ይዘጋል» አላት። «ከእንግዲህ አይከፈትም።»

«ድንጋዩን እኮ አቆምክ።»

«ሣሩንስ ማን ይነጭላታል?»

እዚያው ተቀመጡ።

ወዲያው አዋጅ ነጋሪ በመንገዱ ሲጮህ ተሰማ። ማን የት እንደተዘጋበት አይታወቅምና፣ በየበሩ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ስንት እንደሆነ ከውስጥ ገመዱን እየሳበ ያስታውቅ፤ ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ። የተጀመረ ስበት ሳያልቅ ሌላው አይሳብ፤ ያቋረጠም ይቀጣ። ሊቀ ገመዱ ያላሰቡት ነገር፣ መቁጠሪያውም መክፈቻውም ያው ገመድ መሆኑን ነው። ዘጠኙ ሳሙና የተቀቡ ሰዎች ዘጠኝ ጊዜ ሳቡ። የንጉሡ እልፍኝ ተከፈተ። ንጉሡ ሱሪያቸውን ገና ሁለተኛ መሞከራቸው ነበር።

እማማ ዘርፌ በበሩ ስንጥቅ አፋቸውን አስጠግተው አዋጁን ነገሯቸው።

«ሁለት ነን» አለ ዳምጤ፤ ገመዱንም ያዘ።

«ሦስት ነን» አለች አመለወርቅ።

ዳምጤ አያት። ቀጥሎ ድንጋዩን አየ። «ሦስት ነን» አለ።

«እንዲህ ከሆነማ» አሉ እማማ ዘርፌ ከውጭ፣ «የእናንተ ተቆጥራ የእኔዎቹ ሊቀሩ ነው?»

«አዋጁ ምንድን ነው ያለው፣ እማማ?»

«ሰው ነው ያለው። የሚተነፍስ አላለም።»

«እኛንስ?»

«እናንተማ ወጪዎች ናችሁ። የሚቀሩትን ቁጠሩ። እኔ እጠራለሁ፣ አንተ ሳብ።»

አርባ ዓመት በረኛ ነበሩ። መዝገብ የላቸውም፤ ሁሉንም ግን ያውቃሉ።

«የሸማኔው የደነቀ ልጅ። ሳብ። የማር ቆራጩ ሴት ልጅ፣ ያቺ ሳቂታዋ። ሳብ። መንታዎቹ፤ ሁለት ጊዜ ሳብ። ይሄ ስም ሳይወጣለት የመጣው ነው፤ እሱንም ሳብ። ምን ታየኛለህ፣ ሳብ።»

በሦስተኛው ወህኒ ቤቱ ተከፈተ፤ በአራተኛው ተዘጋ። በየስበቱ አንድ በር ይከፈታል፣ ያለፈው ይዘጋል። የከተማው ሰው መጀመሪያ ሳቀ። ስልሳ ላይ ያቆማል ብሎ ጠበቀ፤ ስልሳ አንድ ሆነ። መቶ ሲሞላ ሰዉ መሳቁን ትቶ ጮክ ብሎ ይቆጥር ጀመር። ገመድ ቤት ውስጥ ሊቀ ገመድ ጥላዬ ግራ ተጋብተው፣ «ይሄ የማን በር ነው? መቶ ሰው የሚይዝ ቤት አለን?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። ሁለት መቶ ላይ ምንይችል፣ «እኔ እንጃ፣ ግን የመቃብሩ ይመስለኛል» አላቸው። ከዚያ በኋላ አልጠየቁም ይባላል።

የዳምጤ መዳፍ ተላጠ። አመለወርቅ ተቀበለችው። የእርሷም ሲላጥ መልሶ ያዘ። ከሦስት መቶ በላይ ሲሆን እማማ ዘርፌ ጉሮሯቸው ደረቀ፤ አንድ መንገደኛ ውሃ አቀበላቸው፤ ጠጥተው ቀጠሉ።

«የአናጢው የዳምጤ ልጅ፣ እንጉዳይ» አሉ እንደ ሌሎቹ ሁሉ፤ ድምፃቸውን ሳይለውጡ።

ተራው የአመለወርቅ ነበር። ገመዱን ለባሏ ሰጠችው። ሳበው።

«አበቃ?» አለ።

«ደጅ ያሉት ሁለቱ ቀሩ። እነሱም የዚሁ ናቸው፤ ተራ እየጠበቁ ነው። ሁለት ጊዜ ሳብ።»

ሳበ። አራት መቶ አሥራ ሦስት ሆነ።

ምንይችል የሰማውን መጻፍ ግዴታው ነበር። መዝገቡን ገለጠ። ሰው ስንት እንደሆነ የሚጻፍበት ዓምድ አልተሠራለትም፤ አዋጁ የወጣው ያን ቀን ነውና። «የሕፃናት መቃብር» ከሚለው አጠገብ ባዶ የነበረው የበሩ ቁጥር ቦታ ብቻ ነው። እዚያ ላይ «413» ብሎ ጻፈ። በዚያች አገር ደግሞ መዝገብ ላይ የተጻፈ አይፋቅም።

በማግስቱ ምንይችል ራሱ ዳምጤ እንጨት የሚጠርብበት ቤት ድረስ መጣ። ከመስኮቱ ውጭ አይቶት የሚያውቅ ስላልነበረ፣ ዳምጤን ሰውየው እግር ያለው መሆኑ ገረመው።

«በራችሁ ቁጥር ወጥቶለታል» አለ ምንይችል።

«ስንት?»

«አራት መቶ አሥራ ሦስት።» ጎንበስ ብሎ የወደቀ የእንጨት ፍቅፋቂ አነሣ። «እኔ ነኝ የምስበው፤ አውቃለሁ። ዝም ብለህ መንኮራኩሩን ሥራ።»

ዳምጤ ሁለት ወር ጠረበ። መንኮራኩሩ የጋሪ እግር አከለ። ሲገጠም አራት ሰው ተሸከመው። ከዚያ ወዲህ ልጁ እዚያ ያለችበት ወላጅ ሁሉ በመስኮቱ ይመጣና፣ «መቃብር» ይላል። ምንይችል ያቃስታል፤ ከዚያም እጁን አሻሽቶ ይነሣል። ከጧት ጀምሮ እስከ ቀትር ይስባል። ሲደክመው ሰልፈኛው ይቀበለዋል። በዚያ ሁሉ ጊዜ፣ ስልሳ ባለፈ ቁጥር እንደገና ከአንድ እየተጀመረ፣ የአገሩ በር በየተራው ይከፈታል፣ ይዘጋል። ንጉሡም ቁርሳቸውን በንፋስ ይበላሉ።

አንድ ቀን ሊቀ ገመድ ጥላዬ ዳምጤ ዘንድ መጡ። እጃቸው በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ምንይችል ታሞ ያን ሳምንት የሳቡት እርሳቸው ነበሩ።

«መዝገቡን መፋቅ አይቻልም» አሉ። «መንኮራኩሩ ግን ያንተ ሥራ ነው። ጥርሱን ቀንስልን። አሥር ይሁን፤ ቢበዛ ሃያ። ማንም አያውቅም።»

ዳምጤ መዶሻውን አስቀመጠ። «እሺ» አለ።

«እሺ አልክ?»

«እሺ። በሩ ላይ እንሂድና እማማ ዘርፌ ይጥሩልን። እርስዎ አጠገባቸው ይቁሙ። የሚቀረው ልጅ ሲደርስ ‹ይሄ ይቅር› ይበሉኝ፤ እኔ ምልክት አደርግበታለሁ።»

ሊቀ ገመዱ በነገሩ ቀላልነት ደስ አላቸው። ሄዱ። እማማ ዘርፌ በርጩማቸው ላይ ተመቻችተው መጥራት ጀመሩ። ዳምጤ ቢላውን ይዞ መንኮራኩሩ ሥር ተቀመጠ። የሸማኔው ልጅ አለፈ። ሳቂታዋ አለፈች። መንታዎቹ ላይ ሊቀ ገመዱ አፋቸውን ከፈት አደረጉ።

እማማ ዘርፌ ቆም አሉ። «ከሁለቱ የትኛው ይቅር?»

«አይ፣ ቀጥሉ» አሉ ሊቀ ገመዱ።

ፀሐይ አናት ላይ እስክትደርስ ቆመው ሰሙ። ሲያበቃ የዳምጤ ቢላ አንድ ምልክት አላደረገም። ሊቀ ገመድ ጥላዬ ባርኔጣቸውን አድርገው ወደ ገመድ ቤት ተመለሱ፤ መስኮቱ ላይ የምትጠብቅ አንዲት እናት ነበረችና መሳብ ጀመሩ።

መንኮራኩሩ ዛሬም እዚያው ነው ይባላል። የተለወጠ ነገር ቢኖር፣ አዲስ ልጅ በገባ ቁጥር ጥርሱ መጨመሩ ነው።